የጠፋው ላይመለስ፤ የግላኮማ ሐኪም ድካምና የእኛ ድርሻ

ዓይን ምን ያህል ክቡር እንደ ሆነ ለመምህራንና ለከተማችን ነዋሪዎች መንገር የሚያስፈልግ አይደለም። የዓይን ሕመም ሲነሣ ግን አብዛኛው ሰው የሚያስበው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው ዝንብና ያልታጠበ እጅ ከልጅ ወደ ልጅ የሚያዛምቱት ትራኮማ፣ ሁለተኛው በእርጅና ጊዜ ብሌንን የሚጋርደው ሞራ ነው። ትራኮማን በንጽሕናና በመድኃኒት እንከላከለዋለን። ሞራም ቢጋርድ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ በሽተኛውም እንደ ገና ያያል። ዛሬ የምናነሣው ሕመም ግን ከሁለቱም የተለየ ጠባይ አለው። ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ሲያድግም አይታወቅም፤ ያጠፋውን ብርሃን ደግሞ እስከ ዛሬ ማንም ሐኪም ሊመልሰው አልቻለም። ስሙ ግላኮማ ይባላል።

ስለዚህ ሕመም ለመናገር ከሩቅ አገር መነሣት አያስፈልገንም። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወስደው መንገድ፣ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በሚባለው ክልል ውስጥ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ይገኛል። ሆስፒታሉ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የተቋቋመ ሲሆን፣ በአገራችን በመንግሥት ከተቋቋሙት ሆስፒታሎች ቀዳሚው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቀድሞ የዓይን ሐኪም ለመሆን የሚሻ ኢትዮጵያዊ ባሕር ተሻግሮ መማር ነበረበት። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍል በዚሁ ሆስፒታል ልዩ ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀመረ። በዚህም ምክንያት ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ይህ ስፍራ የዓይን ሕክምና ብቻ ሳይሆን የዓይን ምርምርም ቤት ሆነ።

በዚህ ቤት ከደከሙት መካከል ዶክተር አበባ ተ/ጊዮርጊስ ይገኙበታል። በዩኒቨርሲቲው የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍል መምህር፣ የግላኮማ ልዩ ሐኪምና ተመራማሪ ሆነው ሠርተዋል። ማንኛውም የዓይን ሐኪም ግላኮማን ያውቃል፤ ነገር ግን ከዓይን ሕክምና ትምህርት በላይ ሌላ ጥናት ጨምሮ ድካሙን በዚህ በአንድ ሕመም ላይ ያዋለ ሐኪም በአገራችን ጥቂት ነው። የእንደዚህ ያለ ሐኪም ሥራ ሦስት ክፍል አለው፤ እነርሱም ማከም፣ መመርመርና ሕዝብን ማስተማር ናቸው። ሦስተኛው ክፍል ለምን ከሁለቱ የማያንስ እንደ ሆነ ለመረዳት፣ አስቀድመን የሕመሙን ጠባይ ማወቅ ይገባናል።

ሕመሙ ምንድር ነው?

ዓይናችን በውስጡ ዘወትር ጥሩ ውሃ ያመነጫል። ይህ ውሃ እንባ አይደለም። የዓይንን ቅርጽ ጠብቆ ይይዛል፤ የደም ሥር የሌላቸውንም የዓይን ክፍሎች ይመግባል። ሥራውን ከፈጸመ በኋላ በዓይን ጠርዝ በኩል እንደ ወንፊት ባለ እጅግ ረቂቅ መውጫ አልፎ ወደ ደም ይመለሳል። የሚመነጨውና የሚወጣው ሲመጣጠን በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ይጸናል፤ ልኩም በአብዛኛው ሰው ዘንድ ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። መውጫው ሲጠብብ ወይም ሲደፈን ግን ውሃው ይጠራቀማል፤ ግፊቱም ይጨምራል።

ከዓይን በስተኋላ ወጥቶ ወደ አንጎል የሚሄድ የማየት ነርቭ አለ። ይህ ነርቭ አንድ ሚሊዮን ያህል ቀጫጭን ክሮች በአንድነት የታሰሩበት ገመድ ነው ማለት ይቻላል። ግላኮማ እነዚህን ክሮች ጥቂት በጥቂት ያጠፋቸዋል። ዋናው አጥፊ የግፊቱ ከፍታ ነው፤ ሆኖም ግፊታቸው በልኩ እያለ ነርቫቸው የሚጎዳ ሰዎችም አሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ግፊቱን በመለካት ብቻ አይረካም፤ ነርቩን ራሱን በመሣሪያ ያያል፤ የበሽተኛውንም የጎን እይታ ይመረምራል።

ሕመሙ በአብዛኛው የሚጀምረው ከጎን እይታ ነው። አንዱ ዓይን የጎደለበትን ሌላው ይሸፍንለታል፤ አንጎልም ክፍተቱን በግምት ይሞላዋል። ስለሆነም ሰውየው ጤነኛ ነኝ ብሎ ይኖራል። ሕመሙ ብዙ የጎዳው ሰው ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል ወደ ከተማ ሲወርድ እናስብ። ፊት ለፊቱ ያለውን ሕንጻ ያያል፤ ወዳጁን ከሩቅ ይለያል፤ መጽሐፍ ቢሰጡትም ያነባል። ነገር ግን በግራው የሚመጣውን የተጫነ አህያ አያየውም፤ በቀኙ የተንጠለጠለው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ግንባሩን ይመታዋል፤ የመንገዱንም ጠርዝ ይስታል። ሰዎች «ምነው ዛሬ ተንቀዠቀዥህ?» ይሉታል፤ እርሱም «ልብ አላልሁም» ብሎ ያልፈዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ይህ በሽታ ግን ራሱን ከባለቤቱ ይደብቃል።

የዓለም ሊቃውንት ያስገኙት መሣሪያ

ሐኪሞች ይህን ሕመም በትክክል ማወቅ የቻሉት ከ170 ዓመት ወዲህ ነው። በ1851 ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በሕያው ሰው ዓይን ውስጥ ያለውን ነርቭ የሚያሳይ መሣሪያ ለዓለም አስታወቀ። ከዚያ በፊት የዓይን ውስጥ ለሐኪም ዝግ ቤት ነበር። በ1857 የበርሊኑ የዓይን ሐኪም አልብሬክት ፎን ግሬፈ፣ ገና 30 ዓመት ሳይሞላው፣ ለአንድ ዐይነት ግላኮማ የሚሆን ቀዶ ሕክምና አስተማረ። በ1950ዎቹ ደግሞ በስዊስ አገር የሚሠራው ሐንስ ጎልድማን ዛሬም ድረስ ሐኪሞች የዓይን ግፊት የሚለኩበትን መሣሪያ አበጀ። በ1968 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የሚሠራው ጆን ኬርንስ፣ ለተጠራቀመው ውሃ በዓይን ነጭ ሽፋን ሥር አዲስ መውጫ የሚከፍተውን ቀዶ ሕክምና ገለጸ። በ1978 ቲሞሎል፣ በ1996 ደግሞ ላታኖፕሮስት የተባሉት ጠብታዎች በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀዱ።

የእነዚህ መድኃኒቶች ጥቅም በግምት ሳይሆን በጥናት ተረጋግጧል። በ2002 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ የዓይን ግፊታቸው ከፍ ያለ ነገር ግን ነርቫቸው ገና ያልተጎዳ 1,636 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ለ5 ዓመት ተጠበቁ። ጠብታ ካልወሰዱት ከመቶ 9.5 ያህሉ በግላኮማ ሲያዙ፣ ከወሰዱት የተያዙት ከመቶ 4.4 ብቻ ነበሩ። በምሥራቅ አፍሪካም በታንዛኒያ፣ በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ ባለ ሆስፒታል የተደረገ ጥናት በ2021 ታትሟል። በአንድ ዓመት ውስጥ ግፊቱ በሚፈለገው መጠን የተገታው በቲሞሎል ጠብታ ከታከሙት ዓይኖች ከመቶ 31፣ በልዩ የብርሃን ጨረር ከታከሙት ከመቶ 61 ያህል ነበር። ይህም ጠብታ በየወሩ መግዛት ለሚከብዳቸው አገሮች ሕዝብ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ጠብታውም፣ ጨረሩም፣ ቀዶ ሕክምናውም የሚጠብቁት የተረፈውን ብርሃን ነው። የሞተውን ነርቭ የሚያስነሣ አንድም የለም።

በአገራችን የተደረገው ምርምር

በ2005 እና በ2006 በመላ ኢትዮጵያ የዓይነ ስውርነት ጥናት ተደርጎ ነበር። በዚያ ጥናት መሠረት ከሕዝቡ ከመቶ 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር፣ ከመቶ 3.7 ያህሉ ደግሞ እይታው የደከመ ሆኖ ተገኘ። ከዓይነ ስውርነቱ ከመቶ 49.9 ያህሉን ሞራ፣ 11.5 ያህሉን ትራኮማ አስከትለውታል። የግላኮማ ድርሻ ከመቶ 5.2 ሲሆን በአምስተኛ ደረጃ ተቆጥሯል። ቁጥሩ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በሞራ የታወረው ሰው ነገ በቀዶ ሕክምና ሊያይ ይችላል፤ በግላኮማ የታወረው ግን ዕድሜውን ሙሉ በጨለማ ይኖራል። ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም።

በምኒልክ ሆስፒታል የተደረጉት ጥናቶች ደግሞ ሕሙማኑ በምን ዐይነት ሁኔታ ወደ ሐኪም እንደሚደርሱ ገልጸዋል። ዶክተር አበባና የሥራ ባልደረቦቻቸው ወደ ሆስፒታሉ የሚመጡት የግላኮማ ሕሙማን የሚያሳዩትን ልዩ ልዩ መልክ መርምረው በ2012 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አሳትመዋል። በአገራችን ሐኪሞች ዘንድ ተደጋግሞ የታየው አሳዛኝ ነገር ዘግይቶ መምጣት ነው። ብዙው ሕመምተኛ ወደ ሐኪም የሚሄደው አንዱ ዓይኑ ከጠፋና ሁለተኛውም ከደከመ በኋላ ነው።

ሌላም ለአገራችን ልዩ የሆነ ነገር ተገኝቷል። በአንዳንድ ሰዎች ዓይን ውስጥ እንደ ፎረፎር ያለ ነጭ ብናኝ እየተራገፈ የውሃውን መውጫ ይደፍናል። ይህን ነገር በ1917 መጀመሪያ የገለጸው የፊንላንድ ሐኪም ጆን ሊንድበርግ ነበር፤ ለብዙ ጊዜም የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ሕመም ሆኖ ይቆጠር ነበር። ዶክተር ትልቅሰው ተሾመና ባልደረባቸው በ2004 ባሳተሙት ጥናት ግን፣ የሞራ ቀዶ ሕክምና ከሚጠብቁ ኢትዮጵያውያን ሕሙማን መካከል ከመቶ 39 ያህሉ ይህ ብናኝ እንዳለባቸው ተረጋገጠ። ከዚህ ብናኝ የሚመጣው ግላኮማ ግፊቱን እጅግ ከፍ ያደርጋል፤ ነርቩንም በፍጥነት ያጠፋል። ምርምር በገዛ አገር መደረግ ያለበትም ስለዚህ ነው፤ ከሌላ አገር መጽሐፍ ብቻ የተማረ ሐኪም ይህን ባልጠረጠረ ነበር።

ከሐኪሙ ክፍል ወደ ሕዝብ

ዶክተር አበባ በዚያው በ2012፣ በለንደን በሚዘጋጀውና ስለ ኅብረተሰብ የዓይን ጤና በሚናገረው መጽሔት ላይ፣ በኢትዮጵያ ሕዝቡ ስለ ግላኮማ ያለውን ግንዛቤ ስለ ማሳደግ ጽፈዋል። የቀዶ ሕክምና ቢላዋና የመመርመሪያ መሣሪያ የያዘ ሐኪም ስለ ወሬና ስለ ማስታወቅ መጻፉ ለአንዳንዱ ሰው እንግዳ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከላይ የተናገርነውን ላስተዋለ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ዘግይቶ የመጣውን በሽተኛ የቱን ያህል ብልህ ሐኪም ቢያየው፣ የሚጠብቅለት የተረፈውን ብቻ ነው። ስለዚህ የግላኮማ ሐኪም ሥራ ከሆስፒታሉ በር ውጭ ይጀምራል። በዓለም ዙሪያም በየዓመቱ መጋቢት ወር ላይ የግላኮማ ሳምንት የሚከበረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሰዎች የሚዘገዩበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ሕመም አለመሰማቱ ነው። ሁለተኛው የእይታን መድከም የእርጅና ዕዳ አድርጎ መቀበል፣ ወይም ከገበያ በተገዛ መነጽር ለማረም መሞከር ነው። ሦስተኛውና ለሐኪሙ እጅግ አስቸጋሪ የሆነው ግን ከምርመራ በኋላ የሚመጣ ነው። ጠብታው እይታን አያሻሽልም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ዓይንን ያቃጥላል፣ ያቀላል። በሽተኛውም «ገንዘቤን ጨረስሁ፤ ምንም ለውጥ አላየሁም» ብሎ ይተወዋል። ለውጥ አለማየቱ ግን የመድኃኒቱ ድካም ሳይሆን ሥራው ነው። እይታው ዛሬ ካምናው ካልባሰ፣ ያን ብርሃን ያቆየለት ጠብታው ነው። በጤና የሚያይን ሰው ዕድሜ ልክ መድኃኒት እንዲያደርግ ማሳመን የግላኮማ ሐኪም ከባድ ሸክም ነው።

አራተኛው ምክንያት በጥንቃቄ መነገር ያለበት ነው። ከየካም ሆነ ከሌላው ሰፈር ብዙ ወገኖቻችን ለዓይናቸው ፈውስ ሽተው ወደ እንጦጦ ጸበል ይወጣሉ። እምነታቸውን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን አንዳንዶች ጸበሉን ሲጀምሩ ጠብታውን ያቆማሉ፤ በእነዚያ ሳምንታትም ግፊቱ ወጥቶ ነርቩን ይጎዳል። በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆኑ ማስተማራቸው ይታወሳል። ያ ትምህርት ለዓይን ጠብታም የሚሠራ ነው። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ጠብታውን በቦርሳው ይዞ ቢወጣና በሰዓቱ ቢያደርግ ከሁለቱ የሚጎድልበት ነገር የለም።

የመምህራንና የከተማው ሰው ድርሻ

አንደኛ፦ ዕድሜው 40 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ፣ ዓይኑን ባያመውም፣ የዓይን ግፊቱንና ነርቩን በሐኪም ያስመርምር። በተለይ የስኳር በሽታ ያለበት፣ ርቀት የማያይ፣ ወይም ዓይኑ ላይ አደጋ ደርሶበት የነበረ ሰው ችላ አይበል።

ሁለተኛ፦ በቤተ ሰብ ውስጥ አንድ ሰው በግላኮማ ከተያዘ ወንድሞቹና እኅቶቹ፣ ልጆቹም ሁሉ ይመርመሩ። በሆላንድ በሮተርዳም ከተማ በተደረገና በ1998 በታተመ ጥናት፣ ከሕሙማን ወንድሞችና እኅቶች መካከል ከመቶ 10.4 ያህሉ ሕመሙ ሲገኝባቸው፣ ሕሙም ከሌለባቸው ቤተ ሰቦች ግን ከመቶ 0.7 ብቻ ተገኝቶባቸዋል። ስለሆነም የአንዱ ሰው ሕመም ለወንድሞቹ ማስጠንቀቂያ ነው። መምህራን ይህን ነገር በክፍል ቢያስተምሩ፣ ተማሪው ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ «አያቴ ዓይናቸው የጠፋው በምን ነበር? አባባስ ተመርምረሃል?» ብሎ ይጠይቃል።

ሦስተኛ፦ በልጆች ላይ የሚደርስ አንድ አደጋ አለ። ዓይናቸውን እያሳከካቸው ዘወትር የሚያሹ ብዙ ተማሪዎች አሉ። ወላጆች ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስቴሮይድ ያለበትን ጠብታ፣ ለምሳሌ ዴክሳሜታዞንን፣ ገዝተው ያደርጉላቸዋል። ማሳከኩ ወዲያው ስለሚተው ደስ ይላቸዋል፤ በየጊዜውም ይደጋግሙታል። ይህ ጠብታ ለረጅም ጊዜ ሲደረግ ግን የዓይን ግፊትን ሊጨምርና በልጅነት ግላኮማን ሊያመጣ ይችላል። እንደዚህ ያለ ጠብታ የያዘ ተማሪ ያየ መምህር ወላጁን ጠርቶ ወደ ዓይን ሐኪም እንዲሄዱ ይምከር።

አራተኛ፦ የሕፃን ዓይን ከልክ በላይ ትልቅ ሆኖ ከታየ፣ ጥቁሩ ክፍል ከደበዘዘ፣ እንባ ከበዛበትና ብርሃን ከሸሸ፣ «ዓይነ ትልቅ፣ ቆንጆ ልጅ» እየተባለ መቆየት የለበትም። ይህ ከልደት የሚመጣ ግላኮማ ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። እንዲሁም ትልቅ ሰው ድንገት ዓይኑን ክፉኛ አሞት፣ ቀልቶ፣ እይታው ደብዝዞ፣ በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና የመሰለ ክብ ከታየው፣ ራስ ምታትና ማስመለስም ካለው፣ ሌሊትም ቢሆን ነገ ሳይባል ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

የጠብታ አደራረግ

ከሐኪም ጠብታ የታዘዘለት ሰው አስቀድሞ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ራሱን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ የታችኛውን ቆብ በጣቱ ሳብ ያድርግ፤ የጠርሙሱ አፍ ዓይኑን ሳይነካ አንዲት ጠብታ ብቻ ያንጠባጥብ። ከዚያም ዓይኑን በቀስታ ጨፍኖ በአፍንጫው በኩል ያለውን የዓይኑን ማእዘን ለሁለት ደቂቃ ያህል ይጫን፤ ይህም መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ ወርዶ እንዳይባክን ይረዳል። ሁለት ዐይነት ጠብታ የታዘዘለት በመካከላቸው 5 ደቂቃ ይቆይ። አስም ያለበት ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር፤ ቲሞሎል የአስም ሕመምተኛን ሊጎዳ ይችላልና። የራስን ጠብታ ለጎረቤት ማዋስ አይገባም። ጠብታው ሊያልቅ ሲል እንጂ ካለቀ በኋላ ለመግዛት መነሣትም ልማድ መሆን የለበትም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በየካ የሚገኘው የዓይን ሐኪም ዘግይቶ ለመጣው ሰው የተረፈውን ብርሃን ለማቆየት ይደክማል፤ በጊዜ ለመጣው ግን ከነሙሉ ብርሃኑ ሊጠብቅለት ይችላል። በጊዜ እንዲመጣ የሚያደርገው ግን ሐኪሙ ብቻ አይደለም፤ በክፍል ውስጥ የሚያስተምር መምህር፣ በዕድር የሚናገር ጎረቤት፣ አባቱንም እጁን ይዞ ወደ ምርመራ የሚወስድ ልጅ ነው።